ፈረንሳይኛና ግቤ ምን ያገናኛቸዋል? የእናንተ ጥያቄዎች

ስለ ምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ዛሬ ፈረንሳይኛንና ግቤን የሚመለከቱትን ልመልስ።

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንዴ? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

አይደሉም። ፈረንሳይኛ የላቲን ልጅ ነው። ግቤ ደግሞ ከኒጀር-ኮንጎ ቤተሰብ ነው፤ ስሙ ከእኛው ጊቤ ወንዝ ጋርም አይገናኝም። ግቤ የአንድ ቋንቋ ሳይሆን የቡድን ስም ነው፤ ኤዌ፣ ፎን፣ ሚና፣ አጃ የሚባሉት አባላቱ በደቡብ ምሥራቅ ጋና፣ በቶጎና በቤኒን ይነገራሉ። «ግቤ» በሁሉም ዘንድ «ቋንቋ» ማለት ነው። የቤኒኑ የቋንቋ ሊቅ ሁንክፓቲ ካፖ በ1980 እ.ኤ.አ. ለቡድኑ በሙሉ መጠሪያ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበውም ለዚህ ነው።

ለሥራ ሎሜ ነኝ። ሚና ሲያወሩ አንዳንዴ ፈረንሳይኛ ይመስለኛል። ጆሮዬ ነው? (አንባቢ፣ ከቶጎ)

ጆሮዎ ልክ ነው። ሁለቱም በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች አሏቸው። ፈረንሳይኛ «ቆንጆ» እና «ጥሩ» የሚሉትን ቃላት የሚለየው በዚህ ነው፤ ሁለቱም ለእኛ «ቦ» ይመስላሉ፣ ሁለተኛው ግን በአፍንጫም ይወጣል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በግቤ ድምፅዎ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቃሉ ሌላ ይሆናል። ክፓሊሜ የምትባለውን የቶጎ ከተማ ስም ሲጠሩ ደግሞ «ክ» እና «ፓ» ተከታትለው አይመጡም። ከንፈርና የምላስ ሥር እኩል ተዘግተው እኩል ይከፈታሉ። ይሞክሩት፣ ይለመዳል።

ፈረንሳይኛ አሉታን በሁለት ቃል ይከባል። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ አለ? (አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ኤዌ ያደርጋል፣ እኛም እናደርጋለን! ፈረንሳይኛ «ኮፊ ነ ቫ ፓ አ ሎሜ» ይላል፤ ኮፊ ሎሜ አይሄድም ማለት ነው። ኤዌ «ኮፊ ሜዪ ሎሜ ኦ» ይላል፤ ኮፊ ሎሜ አልሄደም። «ዪ» ሄደ ነው። «ሜ» ከፊቱ፣ «ኦ» ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ። የእኛ «አል…ም» ደግሞ ግሡን ብቻ ያቅፋል።

አንዱ ከሌላው አልወሰደም። የፈረንሳይኛው ታሪኩ ይታወቃል። ድሮ «ነ» ብቻውን ይበቃ ነበር። «ፓ» ማለት እርምጃ ነው፤ «አንዲት እርምጃ አልሄድም» ለማለት፣ ለማጠንከር የገባ ቃል። ድሮ «ጠብታ» እና «ፍርፋሪ» የሚሉ ቃላትም እንዲሁ ይገቡ ነበር። እኛስ «ቅንጣት አልቀመስኩም» እንል የለ? ቀስ በቀስ ማጠንከሪያው ዋናው አሉታ ሆነ። ዛሬ በመንገድ ላይ ፈረንሳዮች «ነ»ን ጥለው «ዠ ሴ ፓ» ብቻ ይላሉ፤ «አላውቅም» ማለት ነው።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። ኤዌ «ኮፊ ሄድኩ አለ» እና «ኮፊ፣ እሱ ሄደ አለ» የሚሉትን የሚለይ ልዩ ተውላጠ ስም አለው። «ዬ» ከተባለ የሄደው ራሱ ኮፊ ነው፤ «ኤ» ከተባለ ሌላ ሰው ነው። ፈረንሳይኛ ለሁለቱም «ኢል» ብሎ ያልፋል፣ ሰሚው ከወሬው ይገምታል። እዚህ ላይ አማርኛ ለኤዌ ይቀርባል።

ፈረንሳይኛ ሰማንያን «አራት ሃያ» ይላል። ግቤስ? (ነጋዴ፣ ከአዳማ)

ፎን «ሁለት ገመድ» ይላል። በጥንቱ የዳሆሜ መንግሥት፣ በዛሬዋ ቤኒን፣ መገበያያው ዛጎል ነበር፤ አርባ አርባ ሆኖ በገመድ ይሰካ ነበር። ስለዚህ አርባ «አንድ ገመድ» ነው።

የሄይቲ ሕዝብ ቋንቋ፣ የሄይቲ ክሪዮል፣ የፈረንሳይኛ ቃል በግቤ ሰዋስው የተሰካ ነው ይባላል። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከሞንትሪያል)

ሁለቱ በእውነት የተገናኙት እዚያ ነው፤ ግንኙነቱም መራራ ነው። በዛሬዋ ቤኒን ካለችው ከዊዳና ከመሳሰሉት ወደቦች የተጫኑ ብዙ የግቤ ተናጋሪዎች የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው ሳን ዶማንግ፣ በዛሬዋ ሄይቲ፣ በባርነት ወደቁ። ፈረንሳይኛ «ቮዱ» የሚለውን የሃይማኖት ስም ያገኘውም ከእነሱ ነው።

ፈረንሳይኛ «ቤቱ» ለማለት «ላ ሜዞን» ሲል «ላ» ከፊት ነው። ክሪዮል «ካይ ላ» ይላል፣ ከኋላ። ፎንም አመልካቹን ከስም ኋላ ያደርጋል፣ ልክ እንደ «ቤቱ»። «አመጣ» ለማለትም ፎን «ያዘ» እና «መጣ»ን ያጣምራል፤ የእኛን «ይዘህ ና» አስቡ። የካናዳዋ ምሁር ክሌር ለፌቭር ክሪዮል የፎን ሰዋስው የፈረንሳይኛ ቃል ለብሶ ነው ብላ በ1998 እ.ኤ.አ. ሰፊ መጽሐፍ አሳትማለች። ሄይቲያዊው ሚሼል ዴግራፍ ይህን አይቀበልም። ክሪዮል እንደማንኛውም ቋንቋ ያደገ ነው፣ ከፈረንሳይኛ የወረሰው ሰዋስውም ብዙ ነው ይላል።

እኔን የዴግራፍ ሐሳብ ይበልጥ ያሳምነኛል። ምክንያቱም ፈረንሳዮችም ሲያወሩ «ሴት ሜዞን ላ» ይላሉ፣ «ያ ቤት እዚያ» እንደማለት። «ላ» ከስም ኋላ ከፈረንሳይኛም ይሰማ ነበር ማለት ነው። በኤዌ ደግሞ ከስም ኋላ የሚመጣው አመልካች ራሱ «ላ» ነው። በአጋጣሚ። የኤዌ ሰው በባዕድ አገር ያንን «ላ» ሲሰማ፣ ከቤቱ የመጣ ቃል ሳይመስለው አልቀረም።