የኬብል ቴሌቪዥን ፈቃድ ሲታደስ ከካውንቲው ምን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን በኬብል የሕዝብ ቻናል ላይ በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ዝግጅት እናቀርባለን። የኬብል ኩባንያው ፈቃድ የሚያበቃበት ጊዜ እየቀረበ በመምጣቱ ካውንቲው የነዋሪውን አስተያየት ለመስማት ስብሰባ ጠርቷል። ዋጋው እንዲቀንስ፣ የአገር ቤት ቻናሎች እንዲጨመሩና የእኛም ዝግጅት እንዳይቋረጥ ብንጠይቅ ካውንቲው የማስፈጸም ሥልጣን አለው ወይ?

መልስ፦ ከሦስቱ ጥያቄዎቻችሁ ሕጉ በግልጽ በካውንቲው እጅ ያስቀመጠው የመጨረሻውን ነው፤ ስለዚህ በስብሰባው የምታገኟትን አጭር የንግግር ጊዜ በዚያ ላይ ብታውሏት ይሻላል።

የዋጋውን ነገር ካነሳን፣ የፌዴራሉ ሕግ ለአካባቢ መስተዳድር የፈቀደው የመሠረታዊውን ጥቅል ዋጋ መቆጣጠር ብቻ ነው፤ እሱም ኩባንያው በቂ ተወዳዳሪ በሌለበት አካባቢ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ውድድር እንዳለ ተደርጎ እንዲገመት ስለወሰነ ይህ ሥልጣን በተግባር ተሸርሽሯል። የቻናል ምርጫም ቢሆን ብዙ አያራምድም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የኬብል ሕግ እድሳቱ ሲመዘን የአገልግሎት ጥራት እንዲታይ ያዛል፣ የሚቀርቡት ዝግጅቶች ዓይነትና ስብጥር ግን ከመመዘኛው ውጭ ናቸው። የአገር ቤት ቻናሎችን ጥያቄ እንደ ደንበኛ በቀጥታ ለኩባንያው አቅርቡት።

ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለመስተዳድር አገልግሎት የሚመደቡት ቻናሎች ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ካውንቲው ኩባንያው እነዚህን ቻናሎች እንዲመድብ በእድሳቱ ላይ መጠየቅ ይችላል፤ ኩባንያውም በሕግ ከተለዩ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር በይዘታቸው ላይ የአርታኢነት ሥልጣን የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው የገንዘቡን አከፋፈል ነው። በወር ቢላችሁ ላይ «ፍራንቻይዝ ፊ» ተብሎ የሚታየው፣ ለካውንቲው የሚገባው የፈቃድ ክፍያ ኩባንያው ከኬብል አገልግሎት ከሚያገኘው ጠቅላላ ገቢ ከመቶ 5 ሊበልጥ አይችልም፤ ካውንቲውም ገንዘቡን ለፈለገው ሥራ ሊያውለው ይችላል። ለሕዝብ ቻናሎች የሚውል የካሜራና የስቱዲዮ መሣሪያ ወጪ ከዚህ ጣሪያ በላይ ሊጠየቅ ይችላል፤ የሠራተኛ ደመወዝና የመሳሰለው የሥራ ማስኬጃ ግን በመቶ 5ቱ ውስጥ ይቆጠራል። ስለሆነም ካሜራውን በእድሳቱ ስብሰባ፣ የባለሙያውን ደመወዝ ደግሞ የካውንቲው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ጠይቁ።

ካውንቲው እድሳቱን ለመከልከል ቢያስብ እንኳ እንደ ልቡ አይሆንም። ሕጉ የሚያስመለክተው አራት ነገሮችን ነው፦ ኩባንያው የነበረውን ፈቃድ ዋና ዋና ግዴታዎች አክብሯል ወይ፣ የምስል ጥራቱ፣ የአቤቱታ አቀባበሉና የሂሳብ አሠራሩ ለአካባቢው ፍላጎት የሚመጥን ነበር ወይ፣ የገንዘብ፣ የሕግና የቴክኒክ ብቃት አለው ወይ፣ ያቀረበው ሐሳብ ወጪው ታስቦ የማኅበረሰቡን የወደፊት የኬብል ፍላጎት ያሟላል ወይ። ከሁሉ አስቸጋሪው ግን ካውንቲው ጥሰቱን ለኩባንያው አሳውቆ የማረሚያ ዕድል ካልሰጠ በቀር በዚያ ጥሰት ላይ ተመሥርቶ ፈቃዱን መከልከል አለመቻሉ ነው። አሥር ዓመት ስልክ ላይ ስትጉላሉ ኖራችሁ አንድም አቤቱታ ለካውንቲው ካልጻፋችሁ፣ ብሶታችሁ እውነት ቢሆንም በሕግ ዓይን ክብደቱ ይቀላል።

በሕጉ የተዘረዘረው መደበኛው የእድሳት ሥርዓት የሚጀመረው ፈቃዱ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባሉት ከ36ኛው እስከ 30ኛው ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አብዛኛው እድሳት ግን በድርድር ስለሚያልቅ ስብሰባው ለእናንተ ጥሩ በር ነው። ኢንተርኔት በዚህ ፈቃድ ስለማይሸፈን በእሱ ጊዜ አታባክኑ።

ወደ ስብሰባው ስትሄዱ ዝግጅታችሁ ስንት ጊዜ እንደተላለፈ፣ ስርጭቱ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደተቋረጠ፣ ድምፁ ከምስሉ የተለየበትን ቀን ጭምር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። የፌዴራሉ ደንብ በተለመደ የሥራ ሁኔታ የደንበኛ ስልክ ከ90 በመቶ ባላነሰ ጊዜ በ30 ሰከንድ ውስጥ መነሣት አለበት ስለሚል፣ የጠበቃችሁበትን ደቂቃ መዝግባችሁ ከሆነ እሱንም አያይዙት። በቃል የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ሆኖ ሊቀር ይችላልና ጽሑፉን ለጸሐፊው አስረክቡ፤ በራሳችሁ ቅጂ ላይም የገባበትን ቀን ማኅተም አስመቱበት።