መብራቱ ነው ወይስ ድራይቨሩ?

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። መደርደሪያዎቹ ላይ ያስዘረጋሁት 5 ሜትር ባለ 12 ቮልት የኤል ኢ ዲ ስትሪፕ በ3 ወር ውስጥ ሁለት ባለ 60 ዋት ድራይቨር (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ) ጨረሰብኝ። ጥፋቱ የመብራቱ ነው?

መልስ፦ የለም፣ መብራቱን አይውቀሱት። ጥቅልሉ ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። በሜትር 14.4 ዋት የሚል ከሆነ 5 ሜትሩ 72 ዋት ይፈልጋል፤ ባለ 60ው ገና ሲበራ ጀምሮ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። እኔ ከስሌቱ በላይ ቢያንስ 20 በመቶ ሳልጨምር አልገጥምም፤ ለእርስዎ ባለ 100 ዋት ይግዙ። ዋቱ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ቮልቱ ግን ያው 12 ይሁን፣ 24 ከሆነ ስትሪፑን ያቃጥለዋል።

ሙቀቱም አለ። በቅርቡ ከአንድ ካፌ የጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ያወጣሁትን ድራይቨር ስከፍተው የኮንደንሰሮቹ (ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) አናት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ አገኘሁት፤ አየር በማያገኝበት ተወሽቆ ነው የከረመው። የእርስዎም ከመደርደሪያው ጀርባ ታፍኖ ከሆነ አዲሱን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያስገጥሙት።