ስለ ሆቴል ዋይፋይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ስራዬ ኔትወርክ ነው፣ ሆቴል ውስጥ ዋይፋይ መዘርጋትም ስራዬ ነው። ሰው ሻንጣ ሲያዘጋጅ ነው መሰለኝ ትዝ የሚለው፣ ሁሌ ያንኑ ነገር ይጠይቁኛል፣ ስለዚ ያላችሁን ወርውሩ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሆቴል ዋይፋይ ላይ የባንክ አፕ መክፈት ይቻላል? ጓደኛዬ በፍጹም አይሞከርም ይላል።

መልስ፦ ይቻላል። ጓደኛህ የሚለው ድሮ ልክ ነበር። በፈረንጆቹ 2010 ፋየርሺፕ የምትባል የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን ወጥታ ነበር፣ ስለ ሀኪንግ ምንም የማያውቅ ሰው ክፍት ዋይፋይ ላይ ቁጭ ብሎ አጠገቡ ያለው ሰው ፌስቡክ ውስጥ በአንድ ክሊክ ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም ያኔ ብዙ ሳይት ፓስወርድ ስታስገባ ብቻ ነው ኢንክሪፕት የሚያደርገው (ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፈው)፣ ከዛ በኋላ ያለው ኩኪ (አንተ መሆንህን ለሳይቱ የሚነግረው) ምናምን ሁሉ በግላጭ ነበር የሚሄደው። አሁን ደህና የሚባል ሳይትና አፕ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤችቲቲፒኤስ ነው፣ ማለትም የሚላከው የሚመጣው ሁሉ ኢንክሪፕት ይሆናል፣ መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው የትኛው ሳይት እንደገባህ ሊያይ ይችላል፣ የጻፍከውን ግን አያነብም። አሁን ሰውን የሚያስበላው ራሱ እሺ ብሎ የሚጫነው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ዋይፋዩ ፓስወርድ ካለውስ? ሴፍ ነው አይደል?

መልስ፦ ለሁሉም እንግዳ የሚሰጥ አንድ ፓስወርድ ምኑን ፓስወርድ ሆነ። ደብሊውፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ላይ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ስልክህ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ከቀዳ የአንተን ትራፊክ (የምትልከውንና የሚመጣልህን) መፍታት ይችላል፣ ኤችቲቲፒኤስ የሆነው ግን ያኔም እንደተቆለፈ ነው። በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ3 ይሄን ዘግቷል፣ ግን ሆቴል ዕቃ ቶሎ አይቀይርም።

ጥያቄ፦ ስሙ አንድ አይነት የሆነ ሁለት ዋይፋይ ይታየኛል፣ አንዱ ፓስወርድ አይጠይቅም። የቱ ጋ ልግባ?

መልስ፦ ሁለቱም ጋ እንዳትገባ፣ መጀመሪያ ሪሴፕሽን ሄደህ ትክክለኛውን ስም ጠይቅ፣ ፓስወርድ ይኑረው አይኑረውም ጠይቅ። ማንም ሰው ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ የሆቴሉን ስም ሊሰጠው ይችላል እኮ፣ ላንተ ስልክ ስም ስም ነው። እንዲህ አይነቱ የውሸት ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው መግቢያ ገጹ ላይ አንተ እንድትጽፍለት ነው። የእውነተኛው ሆቴል ገጽ የክፍል ቁጥርና የአባት ስም ወይ ከሪሴፕሽን የተሰጠህን ኮድ ይጠይቃል፣ አንዳንዴ ኢሜይል አድራሻ። የጂሜይል ፓስወርድህን አስገባ ካለህ ወይ ነጻ ነው ተብለህ የካርድ ቁጥር ከጠየቀህ ዝጋውና ውጣ። ሆቴሉን ስትለቅ ደሞ ያንን ኔትወርክ ከስልክህ አጥፋው፣ አለበለዚያ ፓስወርድ የሌለው ከነበረ ስልክህ ሌላ ቦታ በዛው ስም የተከፈተ ክፍት ዋይፋይ ሲያገኝ ሳይጠይቅህ ዘው ይላል።

ጥያቄ፦ ብሮውዘሩ ኮኔክሽንሽ ሴፍ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ያመጣል፣ ዝም ብዬ ቀጥል ልበለው?

መልስ፦ መቼ እንደመጣብሽ ይወስነዋል። ገና መግቢያ ገጹን ሳታልፊ ከሆነ የሆቴሉ ሲስተም የጠየቅሽውን ሳይት አቋርጦ የራሱን ገጽ ሊያሳይሽ ስለሚሞክር ነው፣ ያስደነግጣል እንጂ ያጋጥማል። ቀጥል አትበይው፣ ኔቨርኤስኤስኤል ዶት ኮም (neverssl.com) ብለሽ ክፈቺ፣ ሆን ተብሎ ያለ ኤችቲቲፒኤስ የተሰራ ሳይት ስለሆነ መግቢያ ገጹ ራሱ ብቅ ይላል። ቪፒኤን (ትራፊክሽን ኢንክሪፕት አድርጎ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ) ካለሽ እስክትገቢ አጥፊው፣ ከገባሽ በኋላ መልሰሽ አብሪው። ኢንተርኔቱ መስራት ከጀመረ በኋላ ኢሜይልሽ ወይ ባንክሽ ላይ ያ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን ያንን ዋይፋይ ተዪው፣ ምክንያት አትፈልጊለት።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ አፕዴት አድርግ አለኝ፣ ላድርገው?

መልስ፦ ተው! ለዚህ የታወቀ ታሪክ አለ። በ2014 ካስፐርስኪ የሚባለው የአንቲቫይረስ ድርጅት ዳርክሆቴል ብሎ የጠራውን ነገር ይፋ አደረገ፣ በተለይ እስያ ውስጥ ውድ ሆቴሎች የሚያርፉ የድርጅት ኃላፊዎችን የሚያጠቁ ሰዎች ናቸው፣ ለዓመታት ሰርተውበታል። እንግዳው ቼክኢን አድርጎ ዋይፋዩ ላይ የክፍል ቁጥሩንና የአባት ስሙን ያስገባል፣ እነሱ የሆቴሉን ኔትወርክ ቀድመው ስለያዙት ማን እንደገባ ያዩታል፣ ከዛ የአዶቤ ፍላሽ ወይ የጉግል ቱልባር አፕዴት መጣ የሚል ነገር ይልኩለታል። ሰውየው በገዛ እጁ ይጭነዋል፣ የላኩት ደሞ ሰላይ ሶፍትዌር ነው። ስለዚ አፕዴትህን ከቤት ሳትወጣ ጨርስ። መንገድ ላይ የግድ ከሆነ ብቅ ያለውን ዘግተህ ራስህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ፈልገው፣ እውነት ከሆነ እዛም ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ነጻ ቪፒኤን ይበቃል?

መልስ፦ ቪፒኤን ስትጠቀም ሆቴሉን ማመን ትተህ ቪፒኤኑን ነው የምታምነው። ከምን እንደሚበላ የማታውቀው ነጻ ቪፒኤን ከሆቴሉ ሊብስ ይችላል። የመስሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ የመስሪያ ቤቱን ተጠቀም። ቪፒኤን የሚከለክሉ ወይ የሚገድቡ አገሮችም አሉ፣ ከመሄድህ በፊት አጣራ።

ጥያቄ፦ የራሴን ዳታ ሆትስፖት ባደርግስ?

መልስ፦ ዳታው ካለህ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። እግረ መንገዴን፣ በ2014 የአሜሪካው የኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን ማሪዮትን 600,000 ዶላር አስከፍሎታል፣ ናሽቪል ያለ ሆቴሉ ውስጥ የሰዎችን ሆትስፖት እያቋረጠ የራሱን ዋይፋይ በውድ ይሸጥ ስለነበር።

ጥያቄ፦ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቲቪ ላይ ዩትዩብ ብገባ ችግር አለው?

መልስ፦ ስትወጪ ሎግአውት ማድረግ ካልረሳሽ የለውም። ከረሳሽም ስልክሽ ላይ አካውንትሽ ውስጥ የገባሽባቸው ዕቃዎች ዝርዝር አለ፣ ከዛ ላይ አስወጪው። ሎቢ ያለው የጋራ ኮምፒውተር ላይ ግን ምንም ፓስወርድ አትጻፊ፣ የሚጻፈውን ሁሉ የሚቀዳ ነገር ሊጫንበት ይችላል። ቲኬት ፕሪንት ማድረግ ከፈለግሽ ከስልክሽ ለሪሴፕሽን ኢሜይል አድርጊላቸው።

ጥያቄ፦ ሲም ስቀይር የኤስኤምኤስ ኮድ አይመጣልኝም፣ ከአካውንቴ ውጪ ቀረሁ።

መልስ፦ ይሄ ከሀከር በላይ ተጓዥን የሚያሰቃይ ነገር ነው። ሳትሄድ ኮዱን በአውተንቲኬተር አፕ (ያለ ኤስኤምኤስ ስልክህ ላይ ራሱ ኮድ የሚያወጣ) አድርገው፣ መጠባበቂያ ኮዶቹን ደሞ ወረቀት ላይ ጽፈህ ከስልክህ ለይተህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ክፍል በያዝኩበት አፕ ቻት ላይ ካርድሽ አልሰራም በዚህ ሊንክ እንደገና ክፈይ የሚል መጣ። ስሜንም ቀኑንም ያውቃሉ።

መልስ፦ አትክፈይ እህቴ። አጭበርባሪዎች የሆቴሉን አካውንት ሰብረው ሲገቡ ቡኪንግሽን ያዩታል፣ ለዛ ነው እውነት የሚመስለው፣ አፑ ውስጥ መምጣቱም ዋስትና አይሆንም። የሆቴሉን ስልክ ከራሱ ሳይት ፈልገሽ ደውዪና ጠይቂ። ካርድሽን አስገብተሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ባንክሽ ጋ ደውለሽ ካርዱን አዘጊው፣ ሆቴሉን በኋላ ታናግሪያቸዋለሽ።