ፀሐይን በቴሌስኮፕ ፎቶ ስናነሳ ምስሉ ላይ የሚወጡ መስመሮችና ነጠብጣቦች፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ከሁሉ በፊት፣ በነጭ ብርሃን (ሁሉንም ቀለም አደብዝዛችሁ) የምታነሱ ማጣሪያው ከቴሌስኮፑ ፊት ለፊት ጠብቆ ይታሰር። ትንሿን ማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕም ክደኗት።

ጥያቄ፦ በሃይድሮጅን አልፋ (ሃይድሮጅን በሚያወጣው ቀይ ብርሃን) ሳነሳ እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር መስመር ይወጣል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የኒውተን ቀለበቶች ናቸው። ማጣሪያህ የሚያሳልፈው 656.28 ናኖሜትር ላይ ያለውን፣ ስፋቱ 0.1 ናኖሜትር የማይሞላ ብርሃን ብቻ ነው። እንዲህ የጠበበ ብርሃን በሴንሰሩና በመሸፈኛ መስታወቱ መካከል ሲመላለስ አንዱ ቦታ ይደምቃል፣ ሌላው ይጠፋል። መድኃኒቱ ካሜራውን ማዘንበል ነው። ከካሜራው በፊት ማዘንበያ ቀለበት አስገባና ምስሉን በቀጥታ እያየህ ብሎኑን በዝግታ አዙር። መስመሮቹ ይቀጥናሉ፣ ይቀራረባሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። እንደጠፉ አቁም፤ ካለፍክ የምስሉ አንድ ጎን ፎከስ ያጣል።

ጥያቄ፦ በፍላት (ወጥ ብርሃን ብቻ በሚቀረጽበት ማረሚያ ምስል) አይጠፋም?

መልስ፦ ይቀንሳል እንጂ አልመካበትም። ፍላት የአቧራ መድኃኒት ነው። ፎከሱንም ካሜራውንም ሳትነኪ፣ ማጣሪያው እንዳለ ከፊቱ ስስ ነጭ ፕላስቲክ ጋርጂና ብዙ ፍሬም ቅረጺ። ጥቁሩ ነጥብ አቧራ ይሁን የፀሐይ ጠቃጠቆ ካልለየሽ ቴሌስኮፑን ትንሽ አንቀሳቅሺ፤ አቧራው ባለበት ይቀራል፣ ጠቃጠቆው ከፀሐይዋ ጋር ይሄዳል። ትንሽና ጥርት ያለው አቧራ ለሴንሰሩ የቀረበ ነው፤ ሰፊና ደብዛዛው የራቀ።

ጥያቄ፦ ምስሌ አያምርም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በምን ማጣሪያ? በምን ካሜራ? ምስሉስ የት አለ?

ሌላ አባል፦ ባለቀለም ካሜራ ከሆነ ይሽጠውና ሞኖ (ቀለም የማይለይ ካሜራ) ይግዛ።

ሦስተኛ አባል፦ እኔ በባለቀለም ጥሩ ፕሮሚነንስ (ከፀሐይ ጠርዝ የሚወጣ የጋዝ ነበልባል) አንስቻለሁ። ሰውን አታስወጡ!

ሞኖ ይግዛ ያለው አባል፦ ከአራት ፒክሰል ቀዩን የሚያነበው አንዱ ነው። ሦስቱን ለምን ይጥላል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የተጠየቀው ግን እሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ የኔም ካሜራ መስመር ያወጣል፣ ይቀየር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ተመልሷል። አዘንብለው።

ጥያቄ፦ ስታክ ካደረግኩ (ብዙ ፍሬም ደራርቤ አንድ ምስል ካወጣሁ) በኋላ የፀሐይዋ ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ይታያል።

መልስ፦ በኮምፒውተር ምስሉን ማሳሉን (ሻርፕኒንግ) አብዝተሃል። ቀንስ።

ጥያቄ፦ በስልክስ?

መልስ፦ ስልክ አልሞከርኩም። ማጣሪያው ግን ከፊት! በዓይን ማያው በኩል የሚጠለቀውን ትንሽ ማጣሪያ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ዓይን ያጠፋል።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ አዘነበልኩት። ቀጠኑ እንጂ አልጠፉም።

መልስ፦ መንገዱን ይዘሃል፤ ብሎኑን ትንሽ ጨምርለት።