ስታዲየም ሲታመስ፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

*«ድንጋይ መወራወር ሲጀመር ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይሮጣል። እኔስ የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ልሩጥ?» (አባት፣ ከሄርማታ)*

አይሩጡ። በእንዲህ ያለው ቀን ከድንጋዩ ይበልጥ የሚያስፈራኝ በሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በጋናዋ ከተማ አክራ ስታዲየም ውስጥ 126፣ በ2022 ደግሞ በኢንዶኔዢያው ካንጁሩሃን ስታዲየም 135 ሰዎች ያለቁት ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኩሶ ሕዝቡ ወደ መውጫዎቹ ሲግተለተል ነው። በግፊያ ውስጥ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ሲያቅተው ነው።

ድንጋዩ እርስዎ ጋ ካልደረሰ ከግርግሩ ራቅ ብለው በሩ እስኪቀል ይጠብቁ። ግፊያው ውስጥ ከገቡ ግን ልጁን ከፍ አድርገው ይያዙት፤ ከታች ከቆመ አየር ያጣል። ሰው ሲገፋዎት መልሰው አይግፉ። ግፊቱ ጋብ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ዳር ይውጡ፤ ከአጥርና ከግንብ ግን ይራቁ። ብቻዎን ከሆኑ እጆችዎን እንደ ቦክሰኛ ደረትዎ ፊት ያድርጉ፤ ሳንባዎ የሚነፋው በዚያች ክፍተት ነው።

የወደቀ ዕቃ አያንሡ። አንድ ጊዜ መውጫ ላይ ተጣብቀን ሳለን አጠገቤ የነበረ ልጅ የወለቀች ሰማያዊ ነጠላ ጫማውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ሁለት ጎልማሶች ብብቱን ይዘው ባያቆሙት ኖሮ አይነሣም ነበር። ያቺ ጫማ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች።

*«ለአስለቃሽ ጢስ ሎሚ ይበጃል ይባላል፤ እውነት ነው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)*

ሎሚ ዓይንሽ አጠገብ አይድረስ፣ እህቴ። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሂጂ፤ ዓይንሽን ሳታሺ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እጠቢ። ልብስሽንም ቀይሪ።

*«ወንድሜን ጭንቅላቱን በድንጋይ መቱት። ‹ደህና ነኝ› ብሎ ተኛ። ልተወው?» (እህት፣ ከኮቺ)*

አትተዪው። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ሲቀሰቅሱት በቀላሉ ካልነቃ ሳይነጋ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰጂው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻውን እንዳያድር።

*«የእንግዳውን ቡድን ማልያ የለበሰ ወጣት ሲደበደብ አየሁ። ልግባ ወይስ ልለፍ?» (ነጋዴ)*

መሐል ገብተው ብቻዎን አይጋፈጡ፤ እርስዎም ይመታሉ። በአካባቢው ያለውን ፖሊስ ይጥሩ ወይም 991 ይደውሉ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችንም አብረውዎት እንዲቆሙ ይለምኑ። ደብዳቢዎቹ ፈቀቅ እንዳሉ ጃኬትዎን አውልቀው ማልያውን ይሸፍኑለትና ክንዱን ይዘው ከዚያ ያውጡት።