በሩን መልሱት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮምፒውተር ስጠግንና ሰርቨር (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ዋና ኮምፒውተር) ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቴክኖሎጂን የሚራገም ሽማግሌ መጣብን እንዳትሉ። ቤተሰቤን ያስተዳደርኩት በእሱ ነው። አሁንም አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል ልቤ ትንሽ ከፍ ትላለች። ባለቤቴ ሳታየኝ ዋጋውን እጠይቃለሁ።

ሥራ ስጀምር ኮምፒውተር የራሱ ቦታ ነበረው። ማታ አጠፋዋለሁ። መብራቱን አጠፋለሁ። በሩን ቆልፌ እወጣለሁ። ሥራው እዚያ ያድራል፣ እኔ ቤቴ አድራለሁ። ያ በር ምን ያህል ይጠቅመኝ እንደነበር ያወቅኩት ካጣሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ፔጀር ሰጡኝ። ቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል፣ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ ሳጥን ናት። ሰርቨር ሲወድቅ፣ ማለት ሥራ ሲያቆም፣ ትንቀጠቀጣለች። እኔም ዘልዬ ተነሥቼ እደውላለሁ። አልዋሻችሁም፣ ደስ ይለኝ ነበር። በሌሊት የሚፈለግ ሰው ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ላፕቶፕ መጣ። ከዚያ ኪስ ውስጥ የሚገባው ስልክ መጣ። ፔጀሯን ከመለስኩ ብዙ ዓመት አልፏል። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ፣ ጠረጴዛ ላይ የሆነ ነገር ድዝዝ ካለ ከእንቅልፏ ትባንናለች። እኔ አልሰማም፣ ተኝቻለሁ። ደመወዙን የበላሁት እኔ፣ እንቅልፉን የከፈለችው እሷ።

እንግዲህ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ በር ነው።

ዱሮ ባንኩ አንድ ቦታ፣ ቢሮው ሌላ ቦታ፣ ገበያው ሌላ ቦታ ነበር። የጸሎት መጽሐፉም የራሱ መደርደሪያ ነበረው። አሁን ሁሉም አንዲት መስታወት ውስጥ ገብተዋል። በአንድ ጣት ከአለቃችሁ መልእክት ወደ መዝሙረ ዳዊት፣ ከመዝሙረ ዳዊት ወደ የማታውቁት ሰው ሠርግ ትሻገራላችሁ። መካከላቸው ደፍ የለም። እግራችሁን አንሥታችሁ የምትሻገሩት ነገር ስለሌለ፣ የት እንዳላችሁ እንኳ ይጠፋባችኋል። አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖሩ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ኖሬበታለሁ። በር የምለው እንጨቱን ብቻ አይደለም። «እዚህ ጋ ያኛው ያበቃል፣ ይሄኛው ይጀምራል» የሚል ማንኛውም ነገር በር ነው።

በሮቹ ደግሞ በራሳቸው አልወደቁም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የድረ ገጽ ወሬ መጨረሻ ነበረው። ታች ስትደርሱ ገጽ 2፣ ገጽ 3 እያለ ይጠይቃችኋል። ያቺ ጥያቄ ትንሽ ናት፣ ግን «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» የምትሉባት ደፍ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ዲዛይነር ሳትጠይቁት ራሱ እየጨመረ የሚሄድ ገጽ ሠራ። ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። አንድ ጠቅታ ሊያስቀርላችሁ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ የሰው ጊዜ መብያ ሲሆን አይቶ በአደባባይ ተጸጽቷል። ኖቲፊኬሽኑም፣ ያ ስልኩ ላይ ብቅ የሚለው ማሳወቂያ፣ እንዲሁ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 አይፎን ላይ ለማንኛውም አፕ ሲፈቅድ፣ እኛ የሙያው ሰዎች አጨብጭበን ነው የተቀበልነው። ከእንግዲህ ሰው ኢሜይሉን ለማየት አይለፋም አልን። አሁን ኢሜይሉ ነው ሰውን እየመጣ የሚያየው።

ይህን የምነግራችሁ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስልክ ስታገላብጡ ራሳችሁን «ሰነፍ ነኝ፣ ፈቃደ ደካማ ነኝ» እያላችሁ እንዳትደበድቡ ነው። ሰነፍ አይደላችሁም። ታች የለሽ ጉድጓድ ላይ ቆማችሁ ታች እስክደርስ እያላችሁ ነው። መፍትሔው ጥርስ ነክሶ መታገል አይደለም። በሩን መልሶ መግጠም ነው።

ስለ ሥራ ላውራ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። እኔ ግን ወጥቼ አይቻለሁ። አንድ ከሰዓት ስክሪኔ ላይ ሁለት መስኮት ተከፍቷል። አንዱ የመሞከሪያ ሰርቨር፣ ሌላው ሰው የሚሠራበት እውነተኛው። በጎን ደግሞ ከባልደረባዬ ጋር ቻት እያደረግሁ እየሳቅሁ ነበር። የመሞከሪያውን ዳታ ላጠፋ ትእዛዙን ጻፍኩ፣ እንተርን ተጫንኩ። መስኮቱ የተሳሳተው ነበር። ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። «ግድ የለም፣ ባክአፕ አለ» አልኩ፤ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ቅጂ። ባክአፑ ለወራት በየሌሊቱ «ተሳክቷል» እያለ ሪፖርት ሲልክልኝ ነበር። ስከፍተው ፋይሉ ባዶ ነው። አንድም ቀን ከፍቼ አይቼው አላውቅም ነበር። ሌላ ቦታ የተቀመጠ አሮጌ ቅጂ አግኝተን፣ የጎደለውን ከወረቀት እየገለበጥን፣ ሁለት ቀን ሳንተኛ መለስነው። አላባረሩኝም። ለምን እንዳላባረሩኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እግረ መንገዴን አንድ የሙያ ነገር ልጣል። የቤታችሁን ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃችሁን፣ የጻፋችሁትን ነገር በሦስት ቅጂ ያዙ። በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ ኮምፒውተሩና የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ይሁን። አንዱ ቅጂ ደግሞ ከቤት ውጭ ይሁን፤ ዘመድ ቤት ወይም ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማስቀመጫ) ላይ። እኛ ጋ 3-2-1 እንለዋለን። ከዚያ፣ እባካችሁ፣ አንዳንዴ ከፍታችሁ እዩት። ፓስወርዳችሁንም ረጅም አድርጉት። ከአራት አምስት የማይገናኙ ቃላት የተሠራ ረጅም ሐረግ፣ ምልክት ከተደረደረበት አጭር ቃል ይሻላል። ለኢሜይላችሁ ብቻውን የሚያገለግል ይሁን፤ የሌላው ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነውና። ይኸው፣ አበቃሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ያን ቀን ያጠፋሁት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እጄ ሥራው ላይ፣ ሐሳቤ ቻቱ ላይ ስለነበረ ነው። ሶፊ ለሮይ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው አንዱን ሥራ ትቶ ወደ ሌላው ሲዞር የሐሳቡ ክፍል ከመጀመሪያው ጋር እንደሚቀር አሳይታለች። በተለይ ሥራው ሳያልቅ ከተተወ። እኛ ሰው ኮምፒውተር ይመስለናል፤ መስኮት በመቀየር ብቻ ሥራ የሚቀየርለት። ሐሳባችን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚከተለን። ሲደርስ ደግሞ እኛ ሌላ ቦታ ሄደናል።

ስለዚህ እኔ በሰዓት ነው የምሠራው። ፍራንቸስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ ተማሪ ሳለ፣ የቲማቲም ቅርጽ ያለው የኩሽና ሰዓት ሞልቶ ማጥናት ጀመረ። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ዓለም ሁሉ ተቀበለው። 25 የሚለው ቁጥር ተአምር የለውም። እኔን የሚሻለኝ 40 ነው። የሚጠቅመው የሚጮኸው ነገር ነው፤ ሥራውም ዕረፍቱም መጨረሻ ያገኛሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ሰዓቱ ስልክ አይሁን። ስልኩን ሰዓት ልይ ብሎ የከፈተ ሰው፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሰዓቱን ሳያይ ይዘጋዋል። ሞክሩት፤ ዛሬውኑ ይደርስባችኋል።

እምነትን በተመለከተ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። የወደቅኩበትን ነው የምነግራችሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ስልክ ላይ ሲመጣ ከጫኑት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ምዕራፉን እከፍታለሁ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ከላይ አንዲት መልእክት ብቅ ትላለች። ላያት ብቻ ነው። ከዚያ ቢሮው፣ ከዚያ ዜናው፣ ከዚያ የአንድ የማላውቀው ሰው ክርክር። ወደ ምዕራፉ ስመለስ ዓይኔ ያነባል፣ ልቤ ለክርክሩ መልስ እየሰጠ ነው። ይህን ለዓመታት «የጠዋት ጸሎቴ» እያልኩ ጠርቼዋለሁ።

አንድ ቀን ማቴዎስ 6 ላይ ደረስኩ። «አንተ ግን ስትጸልይ፥ ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ» ይላል። ከልጅነቴ የማውቀው ቃል ነው። «መዝጊያህንም ዘግተህ» የሚለውን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። መግባት ብቻ አይበቃም ማለት ነው። እኔ እገባለሁ፤ አለቃዬን፣ ዜናውንና የመንደሩን ወሬ ኪሴ ውስጥ ይዤ እገባለሁ። መዝጊያው ቢዘጋስ ምን ይጠቅማል?

ያን ጊዜ የወረቀቱን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩ። አቧራውን አራገፍኩ። ስልኩ ኮሪደር ላይ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ሰለቸኝ። የስልኩ ጩኸት ሲጠፋ የራሴ ጩኸት ተተካ። የሚከፈለው ሂሳብ፣ ያልመለስኩት ስልክ፣ የጥርስ ቀጠሮ። አሁን አጠገቤ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች። ሐሳቡ ሲመጣ አልጣላውም። «ጥርስ» ብዬ ጽፌ እመለሳለሁ። የተጻፈ ነገር ደጋግሞ አያንኳኳም። አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ ይሞላል። አንዳንድ ቀን ባዶ ነው፤ እነዚያ ቀኖች ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ።

ከአባቶች ታሪክ የምወደው የአባ እንጦንስ ነው። በግብፅ በረሃ ብቻውን ተቀምጦ ልቡ ታከተ። ሐሳብ በዛበት። «ጌታ ሆይ፣ ልድን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም» አለ። ወጣ ሲል እሱን የሚመስል ሰው አየ። ሰውዬው ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል። ከዚያ ሥራውን ትቶ ተነሥቶ ይጸልያል። ከዚያ ተመልሶ ተቀምጦ ይጎነጉናል። ከዚያ ደግሞ ተነሥቶ ይጸልያል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። ልብ በሉ፣ እየጎነጎንክ ጸልይ አላለውም። ሲቀመጥ ተቀምጧል። ሲነሣ ተነሥቷል። መነሣቱ ራሱ በር ነው።

ይህን በዓይኔ ያሳየኝ ደግሞ አንድ ሙስሊም ባልደረባዬ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው ነው። የሥራ ሰዓት ላይ የሚውለው ሶላት ሲደርስ፣ ስብሰባው ቢሞቅም ባይሞቅም፣ «ይቅርታ» ብሎ ይነሣል። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። በኋላ ሳየው፣ ከሁላችን ይልቅ ሥራውን በሰዓቱ የሚጨርስ እሱ ነው። አንድ ቀን ምሥጢሩን ጠየቅሁት። «ምን ምሥጢር አለው፣ መነሣቴ ስለማይቀር ከመነሣቴ በፊት መጨረስ አለብኝ» አለኝ።

ቤትን በተመለከተ ብዙ ሕግ የለኝም። ያለችኝ አንዲት ናት፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ ቤት አልገባም። ወሬው ካላለቀ ደረጃው ላይ እጨርሳለሁ። ይህችን ሕግ ያወጣት ልጄ ነው፣ ሳያውቅ። ትንሽ ሳለ የቁልፉን ድምፅ ሲሰማ እየሮጠ ይመጣ ነበር። ደጅ ደርሶ ስልክ ጆሮዬ ላይ ካየ ቀጥ ይላል። ከዚያ በእግር ጣቱ፣ ኮሽ ሳያደርግ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ አለኝ እያልኩ እኮራ ነበር። ማን እንዳስተማረው የገባኝ ዘግይቶ ነው። መሮጡን ሲያቆም እንኳ የትኛው ቀን እንደሆነ አላስተዋልኩም።

አሁን «አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ?» ትሉኛላችሁ። ሁሌ ይህን ትጠይቁኛላችሁ፣ ጥያቄውም ልክ ነው። የታመመ ወላጅ ያለው ሰው ስልኩን ዘግቶ መተኛት አይችልም። ስልካችሁ ግን ይህን ያውቃል። «አትረብሹኝ» የሚለውን ስታበሩ፣ የመረጣችኋቸው ሰዎች ጥሪ ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ስማቸውን ምረጡ። የእኔ ዝርዝር ላይ አራት ሰዎች አሉ። ማንን ልተው ብዬ ሳስብ አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደብኝ። አለቃዬ አልገባም።

ባለቤቴ ግን ስልክም አላስፈለጋት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት እልፍኜ ገብቼ፣ መዝጊያዬን ዘግቼ፣ መጽሐፌን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። በሩ ተንኳኳ። «ማነው?» አልኩ ደንግጬ።

«ጸሎቱን ስትጨርስ አልጋው ላይ ና ተኛ» አለችኝ፣ «ማንኮራፋትህ ሳሎን ድረስ ይሰማል።»