ዋሻ ውስጥ የሚከዳ የግንባር መብራት፦ አዲስ ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከደቡብ ወሎ፣ ከደላንታ ነው። ጠያቂው ኦፓል ቆፋሪ ወጣት ሲሆን የጻፈው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምሠራው ገደሉን ሰርስረን በገባንበት ዋሻ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ሦስተኛ የግንባር መብራት ገዛሁ። ከኋላ ባለው ሳጥን አንድ ወፍራም የባትሪ ድንጋይ ይገባል፤ ላዩ ላይ 9,900 የሚል ተጽፎበታል። ቻርጅ ሳደርገው በአንድ ሰዓት ውስጥ አረንጓዴ ያበራል። ዋሻ ስገባ ሃያ ደቂቃ ያህል ደምቆ ይበራና ይደክማል፤ አጥፍቼ ካሳረፍኩት እንደገና ይነሣል። ሳጥኑ ይሞቃል። በዶማ ስመታ ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላል። ጎረቤቴ በቴስተር ለክቶ ‹4.1 ነው፣ ሙሉ ነው› አለኝ። አንድ ሠሪ ሽቦውን ቆርጦ እንደገና በየደልኝ፤ ለውጥ የለውም። ሥራውን የሚችል ምን ዓይነት ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። ከጻፍከው ሁሉ እኔን የያዘኝ «ካሳረፍኩት እንደገና ይነሣል» ያልከው ነው። አምፖሉ የተቃጠለ ቢሆን ዕረፍት አያስነሣውም። ባትሪው በእውነት ባዶ ሆኖ ቢሆንም እንዲሁ አይነሣም ነበር። ደክሞ፣ አርፎ፣ ተነሥቶ፣ ደግሞ የሚደክም መብራት ችግሩ በአብዛኛው ከባትሪ ድንጋዩ ሆድ ነው። በዶማ ስትመታ ብልጭ ድርግም የሚለው ግን ሌላ ሕመም ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው ሦስት መብራት ያስገዛህ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ወደ ኋላም እደግመዋለሁ። ትርፍ የባትሪ ድንጋይ ዕራቁቱን ኪስህ ውስጥ አትያዝ። ከሳንቲም፣ ከቁልፍ፣ ከምስማር ጋር በፍጹም።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንግባ። ይህ ዓይነቱ የሊቲየም ድንጋይ 18650 ይባላል፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። በላፕቶፕ፣ በባትሪ በሚሠራ መሰርሰሪያ፣ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ያሳያል፤ ጎረቤትህ 4.1 ያነበበው ስለዚህ ነው። ንባቡ ትክክል ነው፤ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፤ ይህን ነገር የተረዳ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በባትሪ አይታለልም።

እያንዳንዱ የባትሪ ድንጋይ በውስጡ ለኤሌክትሪኩ መንገድ የሚያጠብብ እንቅፋት አለው። እኛ የውስጥ ሬዚስታንስ እንለዋለን። ድንጋዩ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ይህ እንቅፋት አይታይም፤ የሚያልፍ ነገር የለምና የሚያስቆመውም የለም። ቴስተሩ የሚያነበው ይህን የሥራ ፈት ቮልቴጅ ነው። በረት ውስጥ ቆማ የምታብረቀርቅ በቅሎ ዳገት ላይ ምን እንደምትሆን የሚታወቀው ተጭና ስትወጣ ብቻ ነው። መብራትህ በትልቁ ሲበራ ወደ 2 አምፔር ይስባል እንበል። ጤነኛ ድንጋይ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.05 ኦም አካባቢ ነው። ሁለቱን ስታባዛቸው የሚጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ነው፤ ከ4.1 ላይ 4.0 ይቀርልሃል፣ መብራቱም አይሰማውም። ያረጀ ድንጋይ ግን 0.5 ኦም ሊደርስ ይችላል። በ2 አምፔር ሲባዛ አንድ ሙሉ ቮልት ውስጡ ቀረ ማለት ነው። ከ4.1 ጀምሮ 3.1 ይሰጥሃል፤ ጥቂት ሠርቶ የሥራ ፈት ቮልቴጁ 3.8 ሲደርስ መብራቱ ጋ የሚደርሰው 2.8 ይሆናል። ነጭ ኤልኢዲ፣ ማለትም የመብራትህ አምፖል፣ ደግሞ በደንብ ለመብራት 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ይደበዝዛል። ስታጠፋው የሚስብ ነገር የለም፤ ቮልቴጁ ወደ 3.8 ይመለሳል፤ ስታበራው «ተነሣ» ትላለህ።

የቀረው ምልክት ሁሉ ከዚሁ ይወጣል። ውስጥ የቀረው አንድ ቮልት በ2 አምፔር ሲባዛ 2 ዋት ሙቀት ነው፤ ሳጥኑ የሚሞቀው በዚህ ነው። ቻርጀሩም የሚሸወደው በዚሁ መንገድ ነው፤ 1 አምፔር ወደ ውስጥ ሲገፋ እንቅፋቱ ግማሽ ቮልት ይጨምርለታል፣ ድንጋዩ ገና 3.7 ላይ ሳለ ቻርጀሩ 4.2 ያነብባል፣ ርካሽ ከሆነም እዚያው ሞላ ብሎ አረንጓዴ ያበራል፤ ያንተው 4.1 የደረሰው አረንጓዴ ከበራ በኋላም ቻርጀሩ ላይ ስለቆየ ይሆናል። አንድ ስሌት ደግሞ ጨምር። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚይዘው መጠን ነው፤ የሚለካውም በሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። 1 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር የ3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ድንጋይ ለመሙላት ከ3 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። እውነተኛ 9,900 ቢኖርህ ኖሮ ወደ 10 ሰዓት ይፈጅብህ ነበር። ያንተ በአንድ ሰዓት ሞላሁ ካለ፣ ውስጡ ያለው ምን ያህል እንደሆነ ራስህ አስላው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። መጀመሪያ መብራቱን በትንሹ አብርተህ አስቀምጠው። በትንሹ ለሰዓታት ከቆየና በትልቁ ብቻ ከደከመ፣ የጠረጠርኩት ነው። ከዚያ ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርግ፣ የኋላውን ሳጥን ክፈት፣ መብራቱ በትልቁ እየበራ ሳለ የድንጋዩን ሁለት ጫፎች ለካ። ከጠፋበት ወደ በራበት ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት ብዙም ካልዘለለ ደኅና ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከወደቀ ድንጋዩ አልቆለታል። ጎረቤትህ ግን ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጎ «ጉልበቱን ልይ» ብሎ ሁለቱን ጫፍ እንዳይነካ። በድሮው የሬዲዮ ድንጋይ ይህን የሚያደርጉ ነበሩ። በሊቲየም ላይ ግን በቀጥታ ማገናኘት ነው፤ ሽቦ ያቀልጣል፣ እጅ ያቃጥላል።

9,900 ስለሚለው ጽሑፍ ብዙ አልናገርም፤ ንዴቴ ስለማያልቅ። በዚህ መጠን ድንጋይ ላይ ጥሩ የሚባለው ከ3,000 እስከ 3,500 ነው። ከዚያ እጅግ ርቆ የተጻፈ ቁጥር ሻጩ ሊያታልልህ እንደተነሣ ይነግርሃል። ብዙዎቹ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥተው አዲስ ላስቲክ የተጠቀለለባቸው ናቸው። ላስቲኩን በጥፍርህ ጫፉ ላይ ገለጥ አድርገህ ብታይ ከሥሩ ሌላ የቆየ ላስቲክ ታገኛለህ፤ ታችኛው ጫፍ ላይም የድሮው ብየዳ ተነቅሎ የቀሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሌሎቹ ውስጣቸው ትንሽ ድንጋይ ገብቶ የቀረው በዱቄት የተሞላ ነው። ለዚህ ደግሞ አንተ ዘንድ ከማንም የተሻለ መሣሪያ አለ፦ የኦፓል ገዢው ሚዛን። እውነተኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 30 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ምንም ይጻፍበት ምን አትግዛው። ሚዛኑ የላፕቶፑን አሮጌ አይለይልህም፤ እሱን የሚለየው በጭነት መለካት ብቻ ነው።

ብልጭ ድርግም ወደሚለው እንለፍ። ሳጥኑ ውስጥ ድንጋዩን የሚገፋ ሞላ አለ። በርካሾቹ ላይ ቀጭን ብረት ስለሆነ ሲሞቅ ይልማል፣ መግፋቱን ይተዋል፤ በዶማ ስትመታ ድንጋዩ ትንሽ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ግንኙነቱ ይቋረጣል። መብራቱን አብርተህ ሳጥኑን ብቻ በእጅህ ምታው። ከጠፋ ሞላው ነው፤ በፒንሳ ጎተት አድርገው፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ ካልሆነ ከሌላ ዕቃ ወፈር ያለ ሞላ አውጥተህ ተካው። ካልጠፋ ደግሞ ሽቦውን ከሳጥኑ በሚወጣበት ቦታ አጥፈህ አወዛውዘው። ሽቦ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው እዚያ ነው፤ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ይሆናል። ከተበጠሰበት ወዲህ ቆርጠህ፣ በሊድ በይደህ፣ መውጫውን በሲሊኮን ሙላው። ናስትሮ ጠምጥሞ መተው ጥገና አይደለም፤ ሙቀት ሲነካው ሙጫው ይለቅቅና አቧራ ይሰበስባል።

የቀድሞው ሠሪ የሠራውን ሳትከፍት አትመን። ሁለት ነገር ተመልከት። ድንጋዩ ላይ በቀጥታ በካውያ በይዶ ከሆነ ያ ድንጋይ ከጥቅም ውጭ ነው፤ የካውያው ሙቀት ጫፉ ላይ ያለውን መዝጊያና የውስጡን ስስ መለያ ይጎዳል፣ ጉዳቱ ግን ዕለቱን አይታይም። ሁለተኛ፣ ትንሿን መከላከያ ቦርድ ዘልሎ ሽቦ አገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሠሪ መብራት እንዲበራለት ብቻ ይህን ያደርጋል፤ እኔን የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው። ያ ቦርድ ድንጋዩ ከልክ በታች እንዳይወርድ የሚያቆመው ነው። ያለ እሱ ድንጋዩ ከ2.5 ቮልት በታች ይወርዳል፣ ውስጡ ይበላሻል፣ ያንን መልሶ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው። አርፎም ከ2.5 በታች የሚያነብ ድንጋይ ካገኘህ ቻርጀር ላይ አታድርገው።

ድንጋዩንና ሞላውን ቀይረህ መብራቱ ከሠራ፣ ገንዘብህን ለሁለተኛ መብራት አቆየው፤ ዋሻ አንድ መብራት ብቻ ይዘው የሚገቡበት ቦታ አይደለም። ስትገዛ ደሴም ሂድ መርካቶ፣ ከብርሃኑ በፊት አካሉን እይ። ድንጋዩ ወጥቶ የሚቀየር ይሁን፤ ታሽጎ የመጣ መብራት ድንጋዩ ባለቀ ቀን አብሮ ይጣላል። ፊቱን ወደፊትና ወደኋላ እየሳቡ ብርሃን የሚሰበስቡበትን ዓይነት ተወው። በሳብከው ቁጥር አየር ወደ ውስጥ ይምጋል፣ ከአየሩ ጋር የዋሻው ብናኝ ይገባል፤ ጥቂት ሰንብቶ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጭቃ ይለብሳል። እጅ ሲወዛወዝለት የሚበራና የሚጠፋውም ላንተ አይሆንም፤ ዶማ ባነሣህ ቁጥር ያጠፋብሃል። በጓንት የሚጫን ጠንካራ የጎማ ማብሪያ ያለው፣ ራሱ አሉሚኒየም የሆነ ይሻላል፤ አሉሚኒየሙ የኤልኢዲውን ሙቀት ስለሚያወጣ ዕድሜው ይረዝማል።

ሳጥኑ ላይ አይፒ67 የሚል ፈልግ። 6ቱ አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ 7ቱ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። አይፒኤክስ4 የሚለው ግን የውኃ ርጭት ብቻ ነው የተፈተነው፤ በኤክሱ ቦታ ስለ አቧራ የተባለ ነገር የለም። ላንተ ሥራ ዋናው ደግሞ አቧራው ነው። የቻርጅ ቀዳዳው የጎማ ክዳን ጥብቅ ካልሆነ አይፒውም ከንቱ ነው፤ ገና ሱቁ ውስጥ ሳለህ ከፍተህ ዝጋው።

ብርሃን ደግሞ አታብዛ። ሠርቶ ለሚውል ሰው ከ200 እስከ 300 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል። ብናኝ በሞላበት ጠባብ ቦታ ከዚያ በላይ ስታበራ ብናኙ ራሱ እያብለጨለጨ ዓይንህ ላይ ይመልሰዋል፤ የግድግዳውን ስንጥቅና ከጣሪያው የለቀቀውን ድንጋይ ይሸፍንብሃል። በትንሹ ስትሠራ ደግሞ ባትሪውም ለረጅም ጊዜ ያገለግልሃል።

የማስጠንቀቂያውን ነገር ልድገመው። የዚህ ድንጋይ መላ አካሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ ላይኛው ጫፍ ላይ ያለችው ጉብታ ብቻ ናት፤ ሁለቱን የሚለያያቸው ስስ ላስቲክና አንዲት የወረቀት ቀለበት ናቸው። ላስቲኩ ከተላጠ አንድ ሳንቲም፣ አንድ የመሮ ጫፍ ሁለቱን አገናኝቶ እሳት ለማስነሣት በቂ ነው። ኪስህ ውስጥ ሲነሣ ሱሪህን ሳታወልቅ ያቃጥልሃል፤ ዋሻ ውስጥ ከተነሣ ደግሞ ከእሳቱ ይልቅ ጭሱ ነው አስፈሪው፣ መርዝ ነውና መውጫም ጠባብ ነው። ስለዚህ ትርፍ ድንጋይ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። ላስቲኩ የተላጠ ድንጋይ ወደ ዋሻ አይግባ። ሲፍ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም እጅ የማያስነካ ሙቀት ከያዘው ትተኸው ቶሎ ወደ ውጭ ውጣ።

ቻርጅ ስታደርግ ማታ ተኝተህ ሳይሆን ነቅተህ፣ ከጭድና ከፍራሽ ርቆ፣ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ አድርገው። የደጋ ውርጭ ባለበት ንጋት ደጅ ላይ ቻርጅ አይደረግም፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች የተሞላ ሊቲየም ውስጡ ይጎዳል። የምትጥላቸውን አሮጌ ድንጋዮች ሁለቱን ጫፍ በናስትሮ ሸፍነህ ልጆች ከማይደርሱበት አኑር፤ እሳት ውስጥ አትጣላቸው። አዲሱን ድንጋይ ካስገባህ በኋላ መብራቱ በትልቁ እየበራ የለካኸውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ አሁንም ከግማሽ ቮልት በላይ ከወደቀ ሻጩ እንደገና አታልሎሃልና ድንጋዩን መልስለት።